ሥራው በዝቶ ገንዘቡ ወዴት ሄደ? ስለ ታፔላ ዋጋ አተማመን



በየመንገዱ ስናልፍ ከዓይናችን የማይርቅ ነገር ቢኖር ታፔላ ነው። ዳቦ ቤቱ፥ መድኃኒት ቤቱ፥ ልብስ ሰፊው፥ ትምህርት ቤታችንም ሳይቀር ስሙን ለአላፊ አግዳሚው የሚያስታውቀው በታፔላ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛው «ታቤላ» የመጣ ቢሆንም ነገሩ ዛሬ ፈጽሞ የእኛ ሆኗል። ነገር ግን ታፔላን የሚያነብ ሰው ብዙ ሲሆን፥ ታፔላው ስንት እንደ ወጣበትና ዋጋው እንዴት እንደ ተቆረጠ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔም በበኩሌ ባልጠየቅሁ ነበር፤ ጥያቄው ግን ከቤታችን ድረስ መጣ።

አባቴ በደብረ ብርሃን ከተማ ታፔላ የሚሠሩባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። አንድ ሠራተኛ ይረዳቸዋል እንጂ ብረት በያጁም፥ ቀለም ቀቢውም፥ መሰላል ላይ ወጥቶ ሰቃዩም እርሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት ሥራው እጅግ በዝቶ ነበር፤ ደንበኛ በደንበኛ ላይ ይደረባል፤ አባቴም አምሽተው ይገባሉ። ይሁን እንጂ የዕቁብ ቀን በደረሰ ቁጥር ገንዘብ ይጠፋል፤ የሱቁም ኪራይ የሁለት ወር ተወዝፎ ነበር። አንድ ማታ እናቴ «ሥራው እንዲህ ከበዛ ገንዘቡ ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ መልስ አላገኙም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲህ ሱቁን ዘግቼ ተቀጥሬ ብሠራ ይሻላል» አሉ። ሃያ ዓመት የለፉበትን ሙያ እንዲህ በአንድ ቃል ሲተዉት ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱም አንድ ደብተር ገዝቼ ወደ ሱቁ ሄድሁ።

በዚያ ደብተር ላይ ያገኘሁትን ከዚህ ቀጥዬ እገልጻለሁ። ሒሳቡ እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ዋጋው በየከተማውና በየጊዜው ቢለያይም የአቆጣጠሩ መንገድ ግን ለልብስ ሰፊም፥ ለአናጢም፥ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥም አንድ ነው።

የቀድሞው አተማመናችን

አባቴ ዋጋ የሚቆርጡት በካሬ ነበር። ይኸውም የታፔላውን ቁመትና ወርድ አባዝተው፥ ጎረቤት ያሉ ባለሙያዎች ለአንድ ካሬ ሜትር የሚጠይቁትን ዋጋ ይጠይቃሉ። ለምሳሌ ያህል 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ በውስጡ መብራት ያለው ታፔላ (ላይት ቦክስ የሚባለው) 3 ካሬ ነው። ለአንዱ ካሬ 6,000 ብር ቢታሰብ ጠቅላላው 18,000 ብር ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ በአባቴ ሒሳብ የሚከተለው ነበር። ለቱቦላሬ ብረት 3,000፥ ለላሜራ 2,700፥ ለታተመው ፍሌክስ 2,100፥ ለኤል ኢ ዲ መብራትና ለፓወር ሰፕላይ 3,400፥ ለቀለም፥ ለኤሌክትሮድና ለብሎን 800፤ ጠቅላላ 12,000 ብር። ከ18,000 ላይ 12,000 ሲቀነስ 6,000 ብር ይተርፋል። አባቴም «6,000 አተረፍሁ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ማንም ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል።

ነገር ግን ያ 6,000 ብር ትርፍ አልነበረም። ገና ያልተከፈለው ብዙ ነበርና።

ያልተቆጠረው ወጪ

መጀመሪያ ያየሁት ቁርጥራጩን ነው። ለዚህ ታፔላ የሚገባው ብረት 20 ሜትር ነው፤ ለፊቱና ለጀርባው ዙሪያ 16 ሜትር፥ ፊትና ጀርባውን ለሚያያይዙት አጫጭር ብረቶች 2 ሜትር፥ ለመካከለኛው ድጋፍ 2 ሜትር። ነገር ግን ቱቦላሬ የሚሸጠው 6 ሜትር በሆነ ዘንግ ነው። ሦስት ዘንግ 18 ሜትር ስለሆነ አይበቃም፤ ስለዚህ አራት ዘንግ፥ ማለት 24 ሜትር እንገዛለን። አንዱ ዘንግ 900 ብር ነውና የተከፈለው 3,600 እንጂ 3,000 አይደለም። የተረፈው 4 ሜትር በሱቁ ጥግ ቆሞ ይዝጋል። እንዲህ ሆኖ የዕቃው ወጪ 12,600 ብር ሆነ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሰዓት እየያዝሁ የጻፍሁት ይህ ነው። ቦታውን ለመለካትና ከደንበኛው ጋር ለመነጋገር 3 ሰዓት፤ ንድፉን በኮምፒዩተር ለመሥራት 5 ሰዓት (ደንበኛው ሦስት ጊዜ አስለውጦናልና)፤ ለመቁረጥና ለመበየድ 9 ሰዓት፤ ለመቀባትና ለመገጣጠም 6 ሰዓት፤ ለመስቀል የሁለቱ ሰዎች ተደምሮ 5 ሰዓት፤ ድምሩ 28 ሰዓት። አባቴ ይህን ባዩ ጊዜ «ንድፉን እንኳ እኔ ከሥራ አልቆጥረውም ነበር» አሉ።

እንግዲህ አንዱ ሰዓት ስንት ያወጣል? ይህን ለማወቅ ሱቁ ሥራ ኖረም አልኖረም በየወሩ የሚያወጣውን ሁሉ ደመርን። ኪራይ 8,000፤ መብራትና ስልክ 1,500፤ የሠራተኛው ደመወዝ 9,000፤ የብየዳ መሣሪያውና ኮምፒዩተሩ ሲያረጁ ለመተካት በየወሩ የሚቀመጥ 2,500፤ ልዩ ልዩ 2,000 ብር።

ከዚህ በኋላ የአባቴን ደመወዝ ልጽፍ ስል ተቆጡ። «ሱቁ የኔ፥ ጉልበቱ የኔ፤ ለራሴ ደመወዝ የሚቆርጥልኝ ማን ነው?» አሉኝ። እኔም «አባባ፥ እርስዎ ቢታመሙ በእርስዎ ቦታ ቆሞ የሚበይደው ሰው በነጻ ይሠራልን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ «በይ ጻፊው» አሉ። 15,000 ብር ጻፍሁ። በእውነቱ ይህ ገንዘብ ድሮም ይወጣ ነበር፤ የቤታችን አስቤዛና የሱቁ ወጪ ከአንድ መሳቢያ ስለሚወጡ ስም አልነበረውም እንጂ። የእናቴ ጥያቄ መልስ ያጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ጠቅላላው የወር ወጪ 38,000 ብር ሆነ።

ቀጥሎ የሥራውን ሰዓት ቆጠርን። ሁለት ሰዎች በወር 26 ቀን፥ በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 416 ሰዓት ይሆናል። ደብተሬ የሚያሳየው ግን በእውነት ታፔላ ላይ የዋለው 200 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ዕቃ ለመግዛት በመመላለስ፥ መብራት እስኪመጣ በመጠበቅ፥ ዋጋ ብቻ ጠይቆ የሚሄደውን ሰው በማስተናገድና የቀረ ገንዘብ ለመሰብሰብ በመዞር ያልፋል። ስለዚህ 38,000ን ለ416 ሳይሆን ለ200 ማካፈል ይገባል። ውጤቱም ለአንድ ሰዓት 190 ብር ነው።

አሁን ያችን ላይት ቦክስ እንደ ገና እንቁጠራት። ዕቃ 12,600፤ 28 ሰዓት በ190 ብር 5,320፤ ለማጓጓዣና ለረጅም መሰላል ኪራይ 700፤ ድምር 18,620 ብር። የተሸጠችው በ18,000 ነው። 6,000 ብር አተረፍን ያልንባት ሥራ 620 ብር አክስራናለች! በዚህ ዓይነት የተሸጠ ሥራ ሙሉ ወጪውን አይመልስም ነበር ማለት ነው።

ካሬ እንዴት እንደሚያታልል

በካሬ መተመን ጨርሶ የማይረባ ነው አልልም፤ ለባነር ኅትመት ይስማማል። ለብረት ሥራ ግን ያሳስታል። በሒሳብ ክፍል እንደ ተማርነው ስፋትና ዙሪያ እኩል አያድጉም። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ታፔላ ስፋቱ 1 ካሬ፥ ዙሪያው 4 ሜትር ነው። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነው ደግሞ ስፋቱ 9 ካሬ ሲሆን ዙሪያው 12 ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ትንሹ ለአንድ ካሬ 4 ሜትር የዙሪያ ብረት ሲፈልግ፥ ለትልቁ 1 ሜትር ከ33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። በአንድ የካሬ ዋጋ ሁለቱን የሚሸጥ ሰው በትንሹ ይከስራል፤ በትልቁም ዋጋው ከመጠን በላይ ሆኖ ደንበኛው ይሸሸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ጥቃቅኑ ሥራ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነች የበር ጽሑፍ 0.12 ካሬ ናት፤ በ6,000 ብር ሒሳብ 720 ብር ትሆናለች። ነገር ግን መነጋገሩ፥ መንደፉ፥ ሄዶ መግጠሙ እንደ ትልቁ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። 4 ሰዓት በ190 ብር 760፥ ዕቃው 250፤ ድምሩ 1,010 ብር ነው። ስለዚህ ለማናቸውም ትንሽ ሥራ ከ1,300 ብር በታች እንዳንቀበል ዝቅተኛ ዋጋ ወስነናል።

ስለ ትርፍና ስለ ቅናሽ

ደመወዙ ከተቆጠረ ትርፍ ለምን ያስፈልጋል? የሚል ይኖር ይሆናል። ትርፍ ሥራ ለሚቀዘቅዝበት የክረምት ወር፥ ሳይከፍል ለሚቀር ደንበኛ፥ አዲስ መሣሪያ ለመግዛትም የሚሆን ገንዘብ ነው። ትርፍ የሌለው ሱቅ አንዲት ክፉ ቀን ትበቃዋለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። 16,000 ብር ወጪ በሆነ ሥራ ላይ 25 በመቶ ብንጨምር ዋጋው 20,000፥ ትርፉ 4,000 ይሆናል። 4,000 ብር ከወጪው 25 በመቶ ነው፤ ከሽያጩ ግን 20 በመቶ ብቻ ነው። ደንበኛው «እባክዎ 10 በመቶ ይቀንሱልኝ» ቢል የሚቀንሰው ከ20,000 ላይ ነውና 2,000 ብር ይሄዳል፤ ማለት የትርፉ እኩሌታ። «10 በመቶ ምን አላት!» ብሎ የሚቀንስ ባለሙያ ያንኑ 4,000 ብር ለማግኘት እንደዚያ ያሉ ሁለት ሥራዎች መሥራት ይኖርበታል። ስለዚህ አሁን ደንበኛው ሲከራከረን ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን እንቀንስለታለን፤ መጠኑን ዝቅ እናደርጋለን፥ ወይም ያለ መብራት እንሠራለን።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሱቅም ይጠንቀቅ። ታክሱ 15 በመቶ ሲሆን ለመንግሥት የሚገባ አደራ እንጂ የባለሱቁ ገንዘብ አይደለም። «ቫትን ጨምሮ 18,000» ብሎ የተስማማ ሰው ለራሱ የሚቀረው 18,000 ለ1.15 ተካፍሎ 15,652 ብር ያህል ነው። በቃል «18,000» ብሎ ጨምሮ ወይም ሳይጨምር መሆኑን አለመናገር ብዙ ጠብ ያመጣል።

ስለ ስሕተትና ስለ ፕሮፎርማ

አንድ ጊዜ ለሴቶች ጸጉር ቤት ፍሌክስ አሳተምን። እኛ «ጸጉር»ን በጸሎቱ «ጸ» ጻፍነው፤ ባለቤትዋ ግን በንግድ ፈቃድዋ ላይ በፀሐዩ «ፀ» እንደ ተጻፈ ተናግራ ነበር። ንግግሩ በቃል ስለ ነበረ የሚመሰክር ወረቀት አልተገኘም፤ 2,100 ብር ከፍለን እንደ ገና አሳተምን። ከዚያ ወዲህ ንድፉን በወረቀት አትመን ደንበኛው ሳይፈርምበት ወደ ማተሚያ አንልክም። ንድፍ መለወጥም ሁለት ጊዜ በነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሰዓቱ ይከፈላል።

ሌላው የዋጋ መለዋወጥ ነው። ስቲከሩ፥ አክሪሊኩ፥ ኤል ኢ ዲው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አባቴ በሰኔ ወር ለአንድ ደንበኛ ፕሮፎርማ ሰጥተው ነበር፤ ደንበኛው በነሐሴ መጣ። ወረቀቱ እስከ መቼ እንደሚጸና አልተጻፈበትም። አባቴም «ቃሌን አላጥፍም» ብለው በድሮው ዋጋ ሠሩለት። እኔ አባቴን በዚህ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ቃልን ለማክበር መጀመሪያ የሚከበር ቃል መስጠት ያስፈልጋል። ዛሬ ፕሮፎርማችን «ለ7 ቀን የጸና» የሚል ተጽፎበታል፤ ሥራም ከመጀመራችን በፊት ዕቃው የሚገዛበትን ያህል፥ ማለት 60 በመቶ፥ ቀብድ እንቀበላለን። በመደርደሪያ ላይ ያለውንም ዕቃ የምንተምነው ድሮ በገዛንበት ሳይሆን ዛሬ ለመተካት በሚጠይቀው ዋጋ ነው። አለዚያ አንድ ጥቅል ስቲከር ሸጦ ግማሽ ጥቅል መግዛት ይሆናል።

ይህ ማታለል ነውን?

አባቴን ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቃቸው ሒሳቡ አልነበረም። «ሰው ቀማኛ ይለኛል» የሚለው ነበር። እውነት ነው፤ በ18,620 ላይ 25 በመቶ ብንጨምር 23,275 ብር ይሆናል፤ ከቀድሞው 18,000 በጣም ይርቃል። ስለዚህ ዋጋ ከመጨመራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት ለማረም ተስማማን። የሁለት ሰዎችን ትእዛዝ አንድ ላይ ስለምንቆርጥ ቁርጥራጩ ለሌላው ሥራ ይሆናል፤ ንድፉም ስለሚፈረምበት መመላለሱ ቀረ። እንዲህ ሆኖ 28 የነበረው ሰዓት 23 ሆነ። ዕቃው 12,000፥ ሰዓቱ 4,370፥ ማጓጓዣና መሰላል 700፤ ድምሩ 17,070 ብር። 25 በመቶ ሲጨመርበት 21,300 ብር ያህል ነው። ደንበኛው ስለ እኛ ዝርክርክነት መክፈል የለበትም፤ እኛም ስለ ደንበኛው በነጻ መሥራት የለብንም። ትክክለኛ ዋጋ የምለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ነው።

ልግስናም አልቀረም። በመንደራችን ቡና አፍልተው የሚተዳደሩ አንዲት እናት ትንሽ ታፔላ ባሠሩ ጊዜ አባቴ የዕቃውን ብቻ ተቀበሉ። እኔም በደብተሩ ላይ ቀሪውን «ስጦታ» ብዬ ጻፍሁት። አባቴ አይተው ሣቁ። ስጦታ ሲቆጠር ይቀላል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን የማይመስለኝ፥ ሳይቆጥር የሚሰጥ ባለሱቅ የሠራተኛውን ደመወዝ ጭምር ሳያውቀው ይሰጣልና ነው።

በአዲሱ ዋጋ ከጠየቁን ሰዎች አንዳንዶቹ ርካሽ ወዳለበት ሄደዋል። ሱቁ እንደ ቀድሞው አይጨናነቅም። ነገር ግን የተወዘፈው ኪራይ ተከፍሏል፤ ሠራተኛውም ደመወዙን በወሩ መጨረሻ ይቀበላል፤ አባቴም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት የሚገቡበት ቀን አለ። ባለፈው የዕቁብ ቀን እናቴ ገንዘቡን ከተለየው መሳቢያ ቆጥረው ሲያወጡ ምንም አልጠየቁም።

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፤ ከመካከላችን ነገ የራሱን ሥራ የሚያቋቁም ብዙ ይኖራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ሒሳቡን ሳያሰላ ሥራ የጀመረ ሰው በሥራው መካከል ይቸገራል። ወላጆቻችሁ ሱቅ ወይም የእጅ ሙያ ካላቸው ደግሞ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ አንድ ደብተር ገዝታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። መደመር፥ ማካፈልና በመቶኛ ማስላት ከታች ክፍል ጀምሮ የተማርነው ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይም የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን ድካም ጻፉ፤ ሳይቆጠር የሚቀረው እርሱ ነውና።